ሉፐስ በየትኛው ዕድሜ ጀመረ? የመነሻ ዕድሜ በሕመሙ አካሄድ ላይ ያለው ተጽዕኖ

በጨንቻ ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለጤና ባለሙያዎች የቀረበ ሕዝባዊ ገለጻ ጽሑፍ



ለዛሬ የመረጥሁት ርእስ ሉፐስ የተባለው ሕመም የጀመረበት ዕድሜ የሕመሙን አካሄድ እንዴት እንደሚወስን የሚመለከት ነው። ሉፐስ በአካባቢያችን ስሙ ብዙ አይነሣም። ስሙ አለመነሣቱ ግን ሕመሙ አለመኖሩን አያሳይም፤ አብዛኛውን ጊዜ በሌላ ስም ተጠርቶ ይኖራል። በየትኛው ስም እንደሚጠራ ደግሞ በአመዛኙ የሚወስነው የታማሚዋ ዕድሜ ነው። «ታማሚዋ» የምለው ከታማሚዎቹ አብዛኞቹ ሴቶች ስለሆኑ ነው።

እንግዲህ ዕድሜ የሉፐስን አካሄድ በሁለት መንገድ ይለውጣል። አንደኛው መንገድ በሰውነት ውስጥ ያለ ነው፤ ውርስ፣ ሆርሞንና የዘመን ብዛት የሚሠሩት ሥራ ነው። ሁለተኛው በሰዎች ዘንድ ያለ ነው፤ ቤተሰብም የጤና ባለሙያም ታማሚዋን በዕድሜዋ ተመልክተው ለሕመሟ የሚሰጡት የመጀመሪያ ስም ነው። የመጀመሪያውን መለወጥ አንችልም። ሁለተኛውን ግን እዚሁ በጤና ጣቢያና በወረዳ ሆስፒታል ደረጃ መለወጥ እንችላለን። የዛሬው ገለጻዬ መደምደሚያ ይህ ስለሆነ ከመነሻው ልንገራችሁ ብዬ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ሕመሙ ጥቂት ልበል። ሉፐስ የበሽታ ተከላካይ ሥርዓታችን የራሱን አካል እንደ ባዕድ ቆጥሮ ሲዋጋ የሚፈጠር ሕመም ነው። ሥርዓቱ በሴሎቻችን ኒውክለስ ውስጥ ባሉ ነገሮች ላይ፣ በተለይም በዲኤንኤ ላይ፣ ፀረ እንግዳ አካላትን ያመርታል። እነዚህም ከዒላማቸው ጋር ተጣብቀው በቆዳ፣ በመገጣጠሚያ፣ በሳንባና በልብ ሽፋን፣ እንዲሁም በኩላሊት ማጣሪያዎች ላይ ይከማቻሉ፤ በተከማቹበትም ብግነት ያስነሣሉ። ስለዚህ ሉፐስ አንድ መልክ የለውም። አንዷን በፊቷ ቆዳ ይጀምራታል፤ ሌላዋን በጣቶቿ መገጣጠሚያ፤ ሦስተኛዋን ምንም ሳያማት በሽንቷ ውስጥ። አንዴ ይነሣል፣ አንዴ ይተኛል። ቃሉ በላቲን ተኩላ ማለት ሲሆን፣ በጥንት ሐኪሞች ዓይን የፊት ቁስሉ ተኩላ የነከሰው መስሎ በመታየቱ የተሰጠ ስም ነው። ሕመሙ ከቆዳ አልፎ የውስጥ አካልን እንደሚያጠቃ በግልጽ የጻፈው በቪየና ይሠራ የነበረው ካፖሲ ሲሆን፣ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1872 ነበር።

በ1950ዎቹ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ በታተመ አንድ የታወቀ ጥናት ከታማሚዎቹ ከምርመራ በኋላ አራት ዓመት የቆዩት ግማሽ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ዛሬ ሕክምናው በተሟላባቸው አገሮች ከ10 ዓመት በኋላም ከ100 ታማሚዎች ከ90 በላይ በሕይወት ይገኛሉ። ይህን ለውጥ ያመጡት ስቴሮይድና ሌሎች መድኃኒቶች፣ የኩላሊት ሕክምና፣ የኢንፌክሽን ቁጥጥርና ሕመሙን ቀድሞ ማወቅ ናቸው። ከእነዚህ መካከል ብዙ ገንዘብ የማይጠይቀው የመጨረሻው ነው።

አሁን ወደ ዕድሜ ልለፍ። ሉፐስ በብዛት የሚጀምረው በመውለጃ ዕድሜ፣ ማለትም ከ15 እስከ 45 ዓመት ባለው ጊዜ ነው። የመማሪያ መጻሕፍት ከታማሚዎች ከ10 እስከ 20 በመቶ ያህሉን ከ18 ዓመት በፊት እንደሚጀምራቸው ይናገራሉ፤ ከ50 ዓመት በኋላ የሚጀምራቸው ደግሞ እምብዛም ከአምስት አንድ አይበልጡም። እዚህ ላይ ተማሪዎች አንድ ነገር ልብ እንዲሉ እፈልጋለሁ። እነዚህ ቁጥሮች በአብዛኛው የመጡት አረጋውያን ከሚበዙባቸው አገሮች ነው። በእኛ አገር የሕዝቡ ግማሽ ያህል ዕድሜው ከ20 ዓመት በታች ነው። ሕፃናት በበዙበት ሕዝብ ውስጥ ለእያንዳንዱ ልጅ ያለው አደጋ እኩል ቢሆን እንኳ፣ ከታማሚዎች መካከል የልጆቹ ድርሻ በስሌት ብቻ ከፍ ይላል። የልጆች ሉፐስ «ብርቅ ነው» ብለን የምናልፈው ከሆነ፣ የሌላ አገርን የዕድሜ አወቃቀር ሳናውቀው ተውሰናል ማለት ነው።

የጾታ ስብጥሩም ከዕድሜ ጋር ይለዋወጣል። ከጉርምስና በፊት ለአንድ ወንድ ልጅ ሦስት ወይም አራት ሴቶች ልጆች ይታመማሉ። በመውለጃ ዕድሜ ይህ ወደ ዘጠኝ ለአንድ ይደርሳል። ከ50 ዓመት በኋላ እንደገና ይቀንሳል። ይህ መውጣትና መውረድ ኢስትሮጅንና ሌሎች የጾታ ሆርሞኖች ድርሻ እንዳላቸው ያመለክታል። ነገር ግን ከጉርምስና በፊትም ሴቶቹ ስለሚበዙ ሆርሞን ብቻውን ምላሽ አይሆንም። ሁለት ኤክስ ክሮሞዞምና አንድ ዋይ ክሮሞዞም ይዘው የሚወለዱ ወንዶች በሉፐስ የመያዝ ዕድላቸው ከሌሎች ወንዶች በ14 እጥፍ ገደማ እንደሚበልጥ ታውቋል። ወንድ ሆነው ሳለ ከሴቶች ጋር የሚቀራረብ አደጋ ያለባቸው በተጨማሪው ኤክስ ክሮሞዞም ምክንያት ነው።

ይህን ይዘን ሦስት ሰዎችን በሐሳብ እናስብ። እውነተኛ ሰዎች አይደሉም፤ ለትምህርት የፈጠርኋቸው ናቸው። በአንድ ግቢ የሚኖሩ አንዲት የ12 ዓመት ልጅ፣ አንዲት የ27 ዓመት እናትና አንዲት የ62 ዓመት አያት ናቸው እንበል። ሦስቱንም በአንድ ዓመት ሉፐስ ጀመራቸው።

ከልጅቷ ልጀምር። የአያቲቱ ሰውነት ሉፐስ ላይ ለመድረስ 62 ዓመት ፈጀበት፤ የልጅቷ ግን በ12 ዓመት ደረሰ። ሕመም በጣም ቀደም ብሎ ሲጀምር ብዙ ጊዜ ከበስተጀርባው ከባድ የውርስ ጫና አለ። ለምሳሌ ሲዋንኪው የሚባለውን የኮምፕሊመንት ፕሮቲን ፈጽሞ ማምረት የማይችሉ ልጆች አብዛኞቹ ሉፐስ ወይም እሱን የሚመስል ሕመም ይይዛቸዋል፤ የሚጀምራቸውም በልጅነት ነው። ይህ ፕሮቲን የሞቱ ሴሎችን ቅሪት ለማጽዳት ያገለግላል፤ ሲጎድል የኒውክለስ ፍርስራሽ ሳይጸዳ ይቀራል፤ የበሽታ ተከላካይ ሥርዓቱም በዚያ ላይ ይነሣል። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ በልጅነቷ በጠና በታመመች አንዲት ልጅ ላይ በኤክስ ክሮሞዞም በሚገኝ ቲኤልአር7 በተባለ ዘረ-መል ውስጥ የአንድ ፊደል ለውጥ ተገኘ። ተመራማሪዎች ያንኑ ለውጥ በአይጦች ውስጥ ሲያስገቡ አይጦቹም ሉፐስ ያዛቸው። እንዲህ ያለ ነጠላ ምክንያት የሚገኝባቸው ልጆች ጥቂት ናቸው፤ ሕመሙ ከአምስት ዓመት በፊት የጀመረው ልጅ ግን ሁልጊዜ ይህን ጥያቄ ያስነሣል።

የልጆች ሉፐስ ከአዋቂዎቹ ይልቅ ኃይለኛ ሆኖ ይጀምራል። ኩላሊት ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ልጆች ይጠቃል፤ የአንጎል ምልክቶችና የደም ሴሎች ማነስም ይበዛሉ። ስለዚህ ብዙ ስቴሮይድ ይፈልጋሉ። ስቴሮይድ ደግሞ በማደግ ላይ ባለ አጥንት ላይ ዋጋ ያስከፍላል፤ ቁመት ይገታል፤ ጉርምስናን ያዘገያል፤ ፊትን ያሳብጣል። ፊቷ ያበጠባት የ14 ዓመት ልጅ መድኃኒቷን ደብቃ ልትጥል ትችላለች። ለሕክምና ቡድኑ ይህ ከላቦራቶሪ ውጤት ያላነሰ መረጃ ነው፤ መድኃኒቱን በድንገት ማቋረጥ ሕመሙን ከመመለሱ ሌላ ለሕይወትም አደገኛ ነውና።

አሁን ይህችን ልጅ እዚህ ጨንቻ ላይ እናስቀምጣት። እግሯ አበጠ። በጋሞ ደጋ የእግር እብጠት ሲታይ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያስበው ዝሆኔን፣ ማለትም ፖዶኮኒዮሲስን ነው። ማሰቡም ትክክል ነው፤ በቀዩ የእሳተ ገሞራ አፈር ላይ በባዶ እግር በሚሄድ ሰው የሚመጣው ይህ ሕመም እዚህ አለ፤ ብዙ ጊዜም የሚጀምረው በአሥራዎቹና በሃያዎቹ ዕድሜ ነው። ሁለቱ ሕመሞች በአንድ ዕድሜ ይገናኛሉ ማለት ነው። ግን የሚለያዩበት ነገር አለ። ዝሆኔ ከመርገጫ ተነሥቶ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሁለቱን እግሮች እኩል አያሳብጥም፤ ቆዳውን ያወፍራል፣ ያሻክራል። የኩላሊት እብጠት ግን ሁለቱንም እግሮች እኩል ይይዛል፤ በጣት ሲጫኑት ይሰረጉዳል፤ ጠዋት ፊትንና የዓይን ሽፋንን ያሳብጣል፤ ሽንቱም አረፋ ይበዛበታል። ጥርጣሬ ከቀረ ደግሞ በሽንት ውስጥ የሚነከረው የምርመራ ወረቀት በሁለት ደቂቃ ውስጥ ፕሮቲንና ደም መኖሩን ይነግረናል።

ልጅቷ የመገጣጠሚያ ሕመምና ትኩሳት ይዛ ብትመጣ ደግሞ ሌላ ስም ይጠብቃታል። ከ5 እስከ 15 ዓመት ያለው ዕድሜ ቶንሲልን ተከትሎ የሚመጣው የሩማቲክ ትኩሳት ዕድሜ ነው። በየወሩ የሚወጋ ፔኒሲሊን ይታዘዝላታል፤ ሕመሟ ሩማቲክ ከሆነ ልቧን ያድናል፤ ሉፐስ ከሆነ ግን መርፌው ሲወጋ ኩላሊቷ በዝምታ ይጎዳል። የሩማቲክ ትኩሳት የመገጣጠሚያ ሕመም ከአንዱ ወደ ሌላው እየዞረ ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ይሄዳል። ወራት የቆየ፣ የፀጉር መርገፍ፣ የአፍ ቁስል ወይም የደም ማነስ የታከለበት ከሆነ ስሙን እንደገና መመርመር ይገባል።

ስለ ኩላሊት ይህን ያህል የምናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። ኩላሊቷ ፈጽሞ ከደከመ ልጅቷ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ዲያሊሲስ ያስፈልጋታል። ንቅለ ተከላ በአገራችን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2015 በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ነው፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከዚህ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። በሀብታም አገር የዘገየ ምርመራ ለዓመታት የሚቆይ ሕክምናን ያስከትላል፤ እዚህ ግን ልጅን ያሳጣል።

ወደ 27 ዓመቷ እናት እንሂድ። በዚህ ዕድሜ ሉፐስ በብዛት በቆዳና በመገጣጠሚያ ይጀምራል። ፊቷ ላይ፣ በሁለቱ ጉንጮችና በአፍንጫዋ ድልድይ ላይ፣ ሽፍታ ወጣባት። መጻሕፍቱ ሽፍታው «ቀይ» ነው ይላሉ፤ በእኛ ቆዳ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ጠቆር ያለ ወይም ወይን ጠጅ የመሰለ ሆኖ ይታያል። ልጅ የወለደች ወጣት ሴት ፊቷ ሲጠቁር ሰፈሩ «ማድያት ነው» ይላታል። ማድያት ግን አያሳክክም፣ አያቃጥልም፣ ትኩሳትም አያመጣም። ፀሐይ ላይ ውላ በገባች ማግሥት ራሷን ሲያማት፣ ትኩሳት ሲይዛትና አፏ ሲቆስል ደግሞ «ምች መታት» ተብሎ ዳማከሴ ይታሽላታል። ምች የሚለው ስም ከፀሐይ ጋር የተያያዘ መሆኑን ልብ በሉ። ሕዝባችን ፀሐይ የሚቀሰቅሰውን ሕመም አስተውሎ ስም ሰጥቶታል፤ እኛ ደግሞ «ምች ይደጋግመኛል» የምትለዋን ወጣት ሴት ንግግር እንደ ምልክት ልንሰማው ይገባል። ቆዳው ላይ ጠባሳ ትቶ ቀለም የሚያሳጣው የሉፐስ ዓይነት ደግሞ በሥጋ ደዌ፣ እንደ ኦቾሎ ባሉ የአካባቢያችን መንደሮች ደግሞ ለረጅም ዘመን ሲጠና በኖረው ቁንጭር ሊሳሳት ይችላል።

የዚህ ዕድሜ ዋና ጥያቄ እርግዝና ነው። ሉፐስ ያለባት ሴት ልትወልድ ትችላለች፤ ይህን ለታማሚዎቻችን በግልጽ ልንነግራቸው ይገባል። መልካሙ ጊዜ ግን ሕመሙ፣ በተለይ የኩላሊቱ፣ ቢያንስ ለስድስት ወር ተኝቶ ከቆየ በኋላ ነው። ማይኮፌኖሌትና ሳይክሎፎስፋማይድ ጽንስን ስለሚጎዱ አስቀድመው መቀየር አለባቸው፤ አዛቲዮፕሪንና ሃይድሮክሲክሎሮኪን ግን ይቀጥላሉ። ፀረ-አርኦ የተባለው ፀረ እንግዳ አካል ካላቸው እናቶች ከ100 ጽንሶች በሁለቱ ገደማ የልብ ምት መዘጋት ሊከሰት ስለሚችል፣ በእርግዝናው አጋማሽ ላይ የጽንሱ ልብ ምት በትኩረት ይታያል። በወሊድ ክትትል ክፍል ለምትሠሩ ደግሞ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፦ የደም ግፊትና በሽንት ውስጥ ፕሮቲን ሲገናኙ ፕሪኤክላምፕሲያ ብለን እንጽፋለን። ከ20ኛው ሳምንት በፊት የታየ ከሆነ፣ በሽንቱ ውስጥ ደም ካለ፣ ወይም ከወሊድ በኋላ ወራት አልፈውም ፕሮቲኑ ካልጠፋ ግን ኩላሊቷን የያዘው ሌላ ነገር ነው፤ ሉፐስም በዝርዝሩ ውስጥ መግባት አለበት።

ይህች ወጣት እናት ሌላም የማይታይ አደጋ አለባት። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ዕድሜያቸው ከ35 እስከ 44 የሆኑ ሉፐስ ያለባቸው ሴቶች በልብ ድካም ጥቃት የመያዝ ዕድላቸው በዕድሜ እኩዮቻቸው ካሉት ሴቶች ከ50 እጥፍ በላይ እንደሆነ አሳይቷል። በዚህ ዕድሜ ያለች ሴት «ደረቴን አመመኝ» ስትል በጨጓራ የምትሰናበት ከሆነ ይህ ቁጥር ትዝ ሊለን ይገባል።

ሦስተኛዋ የ62 ዓመቷ አያት ናት። የእርሷ ሉፐስ በለሆሳስ ይመጣል። የፊት ሽፍታ ላይኖራት ይችላል፤ ኩላሊቷም ብዙውን ጊዜ ይተርፋል። ድካም፣ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ የአፍና የዓይን ድርቀት፣ የሳንባ ወይም የልብ ሽፋን ውኃ መቋጠር ያመዝናል። ሰፈሩ «ቁርጥማት ነው፣ የዕድሜ ነው» ይላታል፤ ሐኪሙ በሳንባዋ ሽፋን ውስጥ ውኃ ሲያይ የሳንባ ነቀርሳ ብሎ ይጀምራል፤ በአገራችን ነቀርሳን አስቀድሞ ማሰብ ተገቢ ነው። ሕክምናው ተጠናቆ ውኃው ካልደረቀ ግን ስሙን እንደገና መመርመር ያሻል። በዚህ ዕድሜ ከመድኃኒት የሚመጣ ሉፐስም አለ፤ ለደም ግፊት የሚሰጠው ሃይድራላዚንና ለነቀርሳ የሚሰጠው አይሶኒያዚድ ከታወቁት መንስኤዎች መካከል ናቸው። ይህኛው ኩላሊትን እምብዛም አይነካም፤ መድኃኒቱ ሲቆም ይሻላል። ስለዚህ ከአያቲቱ ጋር የሚደረግ የመጀመሪያው ንግግር «የምትወስጂውን መድኃኒት ሁሉ አምጪልኝ» ነው፤ በአክብሮት «እማማ፣ ያምጡልኝ» ብለን።

የላቦራቶሪ ውጤትም በዕድሜ ትርጉሙ ይለወጣል። ኤኤንኤ የተባለው ምርመራ እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው ዓለም አቀፍ የሉፐስ መመደቢያ ውስጥ የመግቢያ በር ነው፤ ቢያንስ 1:80 ካልሆነ ወደ ነጥብ ቆጠራው አይገባም። ነገር ግን ይህ ምርመራ በጤነኛ አረጋውያን ላይም ብዙ ጊዜ ይገኛል። በኮንሶና በሰገን ሸለቆ የሚታወቀው ካላዛርም ትኩሳት፣ የጣፊያ ማበጥና የደም ሴሎች ማነስ እያመጣ ኤኤንኤን ሊያስገኝ ይችላል። በ12 ዓመት ልጅ ሽንት ውስጥ ፕሮቲን ካለ ኤኤንኤ ብዙ ይነግረናል፤ በ62 ዓመት ሴት ጉልበት ሕመም ላይ ግን ጥቂት ነው የሚነግረን። ውጤቱ አንድ ሆኖ ሳለ ትርጉሙን የሚወስነው አስቀድመን የነበረን ጥርጣሬ ነው።

የአያቲቱ ሉፐስ ለስለስ ያለ ነው ካልሁ፣ መጨረሻዋስ የተሻለ ነውን? ጥያቄው እዚህ ላይ ይወሳሰባል። ዘግይቶ የጀመረው ሕመም የሚያገረሽበት ጊዜ ያነሰ ሆኖ ሳለ፣ ከእነዚህ ታማሚዎች የሚሞቱት ብዙ ጊዜ ከወጣቶቹ ይበልጣሉ። ምክንያቱ በአብዛኛው ሉፐሱ አይደለም፤ በዕድሜ የመጣው የደም ግፊት፣ የስኳር፣ የልብ ሕመምና ኢንፌክሽን ነው፤ ስቴሮይዱም እነዚህን ያባብሳል። ስለዚህ «ከባድ» እና «ቀላል» የሚሉት ቃላት ሁለት መለኪያዎችን ያደባልቃሉ። የልጅቷ ሕመም በኃይሉ ከባድ ነው፤ የአያቲቱ ሕመም በሚያርፍበት አካል ደካማነት ከባድ ይሆናል። የልጅቷ ሌላው ሸክም ጊዜ ነው። በ12 ዓመት የጀመረች ልጅ በ32 ዓመቷ የ20 ዓመት ታማሚ ናት። ይህን በመድኃኒቱ እንኳ ማየት ይቻላል። ሃይድሮክሲክሎሮኪን ለሉፐስ ታማሚ ሁሉ ማለት ይቻላል የሚሰጥ፣ ሕመሙን የሚያስተኛ መድኃኒት ነው፤ በቆላው ለቫይቫክስ ወባ የምናውቀው የክሎሮኪን የቅርብ ዘመድ ነው። መጠኑ በቀን ለአንድ ኪሎ ግራም ክብደት ከ5 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ይደረጋል። በዚህ መጠን የዓይን ሬቲና ጉዳት በመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት ከ100 ከሁለት በታች በሆኑት ላይ ይደርሳል፤ ከ20 ዓመት በኋላ ግን ወደ 20 ያህል ይጠጋል። አያቲቱ ወደዚያ ዘመን ላትደርስ ትችላለች፤ ልጅቷ ግን በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ትደርሳለች። ስለዚህ የዓይን ምርመራ መዝገቧ ገና በልጅነቷ መከፈት አለበት። በአንጻሩ ሳይክሎፎስፋማይድ እንቁላል ማምረትን የማቋረጡ አደጋ ከዕድሜ ጋር ስለሚጨምር፣ በዚህ ረገድ ልጅቷ ከእናቲቱ ትሻላለች። ዕድሜ በሁሉም ነገር ላይ ወደ አንድ አቅጣጫ አይጫንም።

ለተመራማሪዎች ደግሞ አንድ የዘዴ ጥያቄ ላንሣ። «የመነሻ ዕድሜ» ስንል የምንለካው ምንድን ነው? ሦስት ቀኖች አሉ፦ የመጀመሪያው ምልክት የታየበት፣ ምልክቶቹ ለመመደብ የበቁበትና ሐኪም ስሙን የጻፈበት። በሆስፒታል ካርድ ላይ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ ሦስተኛው ብቻ ነው። በ14 ዓመቷ ጀምሯት በ19 ዓመቷ የተመረመረች ልጅ በመዝገባችን ላይ አዋቂ ሆና ትቀመጣለች፤ የአምስት ዓመት የኩላሊት ጉዳቷም የአዋቂዎች ሉፐስ ጠባይ ተደርጎ ይቆጠራል። ወደ ሪፈራል ሆስፒታል ሳይደርሱ የሞቱት ልጆች ደግሞ በጥናቱ ውስጥ ፈጽሞ የሉም። ከሆስፒታል ካርድ ብቻ ተነሥተን ስለ ልጆች ሉፐስ የምንጽፈው ሁሉ የተረፉትን ልጆች ታሪክ ነው።

ዕድሜውን ራሱ ማወቅም ሥራ ይጠይቃል። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት ከተወለዱት ብዙዎቹ የልደት ወረቀት የላቸውም። «መቼ ጀመረሽ?» ብሎ ቀን መጠየቅ ባዶ ምላሽ ያስገኛል። በጋሞ ደጋ ግን ሁሉም ሰው የሚያውቀው መቁጠሪያ አለ፤ መስቀል ነው። «እብጠቱ የጀመራት ካለፈው መስቀል በፊት ነው ወይስ በኋላ? በዚያ በዓል ከእኩዮቿ ጋር ስትጨፍር ነበር? የዚያን ዓመት ትምህርት ቤት ትሄድ ነበር?» ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ ከካርዱ የማይገኘውን የመነሻ ቀን ከእናትየዋ አንደበት ያገኛል።

ከዚህ ሁሉ በመነሣት ለዕለት ሥራችን የሚሆኑ ሦስት ነገሮችን ልጠቁም። አንደኛው፣ ዕድሜዋ ከ20 በታች የሆነ፣ እግሯ ወይም ፊቷ ያበጠ፣ መገጣጠሚያዋን የሚያማት ወይም ትኩሳቷ የማይለቅ ልጅ ሁሉ ከመሰናበቷ በፊት ሽንቷ ይመርመር፤ የደም ግፊቷም ይለካ። ሁለተኛው፣ ስቴሮይድ ከመጀመሩ በፊት ነቀርሳ ይፈለግ፤ በአፈራችን የሚገኘው ስትሮንጂሎይድስ የተባለው ትል ስቴሮይድ በሚወስድ ሰው ሰውነት ውስጥ ተባዝቶ ሊገድል ስለሚችል እሱም ይታከም። ሦስተኛው ፀሐይ ነው። ጨንቻ ወደ 2700 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ አርባ ምንጭ ደግሞ ከ1300 ሜትር ብዙም አትርቅም። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር በየ1000 ሜትሩ በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ጉሙና ብርዱ ግን ፀሐይዋን እንዳናስተውላት ያዘናጉናል። ስስ ደመና ጨረሩን አያቆመውም። ለታማሚዋ ሰፊ ባርኔጣና ረጅም እጅጌ እንመክራለን፤ ስስ ነጠላ ብዙ ጨረር ያሳልፋል፤ በሸማኔዎቻችን እጅ የተሠራው አራት እጥፍ ጋቢ ግን ከነጠላው እጅግ ይሻላል።

በመግቢያዬ ዕድሜ ለሉፐስ የተለያየ ስም ያሰጠዋል ብዬ ነበር። ለልጅቷ ዝሆኔ ወይም ሩማቲክ፤ ለእናቲቱ ማድያት ወይም ምች፤ ለአያቲቱ ቁርጥማት። እነዚህ ስሞች ሁሉ ብዙ ጊዜ ትክክል ናቸው፤ ስለዚህ ነው የሚያታልሉን። የማይሠሩ ሲሆን ግን በየዕድሜው የሚያስከፍሉት ዋጋ አንድ አይደለም። አያቲቱ በተሳሳተ ስም አንድ ዓመት ብትቆይ ሥቃይ ነው፤ ልጅቷ ብትቆይ ግን ኩላሊቷን ልታጣ ትችላለች። ጊዜያችንና የምርመራ ወረቀታችን ጥቂት ከሆነ፣ ቀድመን የምናወጣው ለእርሷ ይሁን።